ስለ ወንዶች የፕሮስቴት ነቀርሳና እምብዛም ስለማይታዩት ዓይነቶቹ አመረማመር

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአባቶቻችን ቃል ለሕመም ሁሉ ቢሆንም፥ ይልቁንም በሽንት መንገድ ለሚጀምረው የወንዶች ሕመም የተነገረ ይመስላል። ብዙ የቤት አባት ሌሊት ለሽንት ደጋግሞ ሲነሣ፥ ሽንቱም አልወርድ ሲለው፥ «እርጅና ነው» እያለ ከሚስቱና ከልጆቹ ይሰውራልና።

ፕሮስቴት የሚባለው ዕጢ ከፊኛ በታች ሆኖ የሽንቱን ቧንቧ ዙሪያውን የከበበ ነው። ዕጢው ባበጠ ጊዜ ሁሉ ነቀርሳ ነው አይባልም፤ በዕድሜ ብዛት ብቻም ያብጣል። ነቀርሳ ሲሆን ደግሞ ከ100 ሕሙማን ከ90 የሚበልጡትን የሚይዘው የታወቀው ዓይነት አዴኖካርሲኖማ ነው። ስሞል ሴልና ሳርኮማ የሚባሉት ግን እምብዛም አይታዩም።

ጭንቁ ያለው በዚህ ላይ ነው። ሐኪሞች በደም ውስጥ ፒ.ኤስ.ኤ. የሚባለውን ፕሮቲን ይለካሉ፤ ቍጥሩ ከፍ ሲል ይጠረጥራሉ። ስሞል ሴል የሚባለው ግን ይህን ፕሮቲን ብዙ ጊዜ አያመነጭምና፥ በሽታው ወደ ጉበትና ወደ አጥንት ሲዛመት ቍጥሩ ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ሕመም እየጸናበት ሳለ ቍጥሩን ብቻ አይቶ «ደኅና ነኝ» የሚል ሰው ይታለላል።

ቍርጡን የሚናገረው በመርፌ ከዕጢው ተወስዶ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ቅንጣት ሥጋ ነው። አሜሪካዊው ዶክተር ዶናልድ ግሊሰን በ1966 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ያሳወቁት የደረጃ አሰጣጥ ለታወቀው ዓይነት እንጂ ለስሞል ሴል አይሠራም፤ ይህን ለመለየት ሲናፕቶፊዚንና ክሮሞግራኒን የተባሉትን ምልክቶች የሚያሳይ ልዩ ቀለም ያሻል። መለየቱም ከንቱ ድካም አይደለም። ቻርልስ ሀጊንስ በ1941 (እ.ኤ.አ.) የወንድን ሆርሞን መቀነስ የታወቀውን ዓይነት እንደሚያስታግሥ አሳይተው በ1966 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል፤ ስሞል ሴል ግን ለዚህ አይበገርምና ኬሞቴራፒ ይፈልጋል።

በሐይቅ ዳር በምትገኘው በሐዋሳ ከተማ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ሕሙማንን እያከመ ሐኪሞችን ያስተምራል። ወደዚያም ሆነ ወደ ሌላ ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው የቀድሞውን የምርመራ ወረቀት ሁሉ ይያዝ፤ የተወሰደውም ሥጋ በሰም ተቀብሮ ስለሚቀመጥ፥ በሌላ ስፍራ እንደገና ሊመረመር እንደሚችል ይወቅ።

እናንተም እመቤቶችና ልጆች ሆይ፥ አባት ሲያፍር እናንተ አትፈሩ፤ በጊዜ ጠይቃችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ዕፍረት ያልፋል፤ ያለፈ ጊዜ ግን አይመለስም።