ከችሎት ውጭ ያለው ድፍረት

ችሎት ከመግባታችን በፊት ለደንበኞቼ የምነግራቸው አጭር ነው፦ ስልክ ዝጉ፤ ሳይፈቀድላችሁ አትናገሩ፤ ሌላው ወገን ቢዋሽም ዝም በሉ፣ እኔ አለሁ። የምታስቸግረው ሦስተኛዋ ናት። ሲያርሰው የኖረውን መሬት ምስክር ፊቱ ቆሞ «የሱ አይደለም» ሲልበት፣ ለባለጉዳይ ዝምታ ከባድ ነው። ሽማግሌዎቹማ ይብሳሉ። በላ ልበልሃ በሚባለው የጥንቱ ሙግት በትር እየወዘወዙ፣ ወደፊት እየተንደረደሩ ባላጋራን በግጥም መውጋት ሙያ ነበር። ዛሬ ያው እጅ ሲነሣ ችሎት አስከባሪው ብድግ ይላል።

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 449 በችሎት ሥራ ላይ ያለን ዳኛ የሰደበ፣ ያፌዘበት ወይም ያስፈራራ፣ ችሎቱንም ያወከ እስከ አንድ ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 3,000 ብር መቀጮ እንደሚጠብቀው ይደነግጋል። እኔን የሚያስፈራኝ ፍጥነቱ ነው። የዐቃቤ ሕግ ክስ አይጠበቅም፤ ቀጠሮም አያስፈልግም። የተሰደበው ዳኛ ምስክርም ፈራጅም ይሆናል። የመሬት ክርክር ይዞ የመጣ ሰው በፖሊስ ታጅቦ ይወጣል። ቤተሰቡ «ጉዳዩን ተረታ» ብሎ ያለቅሳል፤ አልተረታም። ዋናው መዝገብ በቀጠሮው ይቀጥላል፣ በቅጣቱም ላይ ይግባኝ ይባላል።

ጥሩ ዳኛ በዚህ ሥልጣን አይቸኩልም። ችሎቱን ለጥቂት ደቂቃ አቋርጦ፣ ሲመለስ በይቅርታ ያለፈ አይቻለሁ። በፖለቲካ ክሶች ግን ትዕግሥቱ ያጥራል፤ እነ ፖለቲከኛው አቶ በቀለ ገርባ በ2010 ዓ.ም. ችሎት ውስጥ የተቃውሞ ዜማ በማሰማታቸው ስድስት ስድስት ወር ተፈርዶባቸዋል።

ችሎትን አብዝቶ የሚደፍረው ግን ድምፁን ከፍ አያደርግም። ፍርድ ቤት ዋስትና ይፈቅዳል፣ ዘመድ አዝማድ ተበድሮ ገንዘቡን ያስይዛል፣ የመፍቻ ትእዛዙን ይዘን ፖሊስ ጣቢያ እንሄዳለን። «ከበላይ አልታዘዝንም» እንባላለን፤ በጨዋ ቋንቋ፣ ወንበርም እየተሰጠን። አቤቱታ ይዤ እመለሳለሁ። የጣቢያው ኃላፊ ቀርቦ እንዲያስረዳ ይታዘዛል፤ አይቀርብም። በድጋሚ ይታዘዛል፤ ደብዳቤ ይልካል። ደንበኛዬ ያን ጊዜ ሁሉ ከነዋስትናው እስር ላይ ነው።

አሁን አሁን ኃላፊው መጀመሪያ ባልቀረበበት ቀን ታስሮ እንዲቀርብ በጽሑፍ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ዳኛ ያዛል። አንዳንዱ አንገቱን ደፍቶ ሌላ ቀጠሮ ይሰጠኛል።