ካርዱ በኪስ፣ ቤቱስ ወዴት?

አንባቢ ሆይ፤ ከአሜሪካን አገር ለሁለት ወር ብሎ መጥቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሰው በሠፈርዎ አያጡም። አብሮኝ የሚያስተምር የአንድ ጓደኛዬ ታላቅ ወንድም እንዲሁ ነበር። የዲቪ ዕጣ ደርሶት ሄደ፤ አራት ዓመት ሠራ፤ እናቱ በጠና ቢታመሙ ሊያስታምም መጣ። ዛሬ ነገ ሲል ዐሥረኛው ወር ገባ። ወዳጆቹ «ካርድህ ገና ከአምስት ዓመት በላይ ይቀረዋል፤ ምን ያስጨንቅሃል?» ይሉት ነበር። እርሱ ግን እንቅልፍ አጥቶ ነበር፤ ያጣውም በከንቱ አይደለም።

በአረንጓዴው ካርድ ላይ የተጻፈው ዐሥር ዓመት የካርዱ ዕድሜ ነው እንጂ የመብቱ አይደለም። ቋሚ ነዋሪ የተባለ ሰው በውነት እዚያ መኖር አለበት። ከስድስት ወር በላይ ውጭ የቆየ እንደ ሆነ የመግቢያው ሹም እንደ አዲስ ገቢ አድርጎ ሊመረምረው ይችላል፤ አንድ ዓመት ካለፈ ደግሞ ካርዱ ብቻውን ለመግቢያ አይበቃም።

ከዚህ የተነሣ በየስድስት ወሩ ብቅ ብሎ መመለስ ይበቃል የሚል ምክር በየቡና ቤቱ ይወራል። ይህ ብልኀት የአውሮፕላን ኩባንያዎችን ይጠቅም እንደ ሆነ እንጂ ባለካርዱን አያድነውም። በ1975 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ይግባኝ ሰሚ ቦርድ የአንዲት የጃማይካ ተወላጅ ጉዳይ ተመልክቶ ነበር። ሴትዮዋ በጃማይካ የእንግዳ ማረፊያ ያስተዳድሩ ነበርና ከዓመቱ ዐሥራ አንዱን ወር ያህል እዚያ፣ አንዱን ወር አሜሪካ ያሳልፋሉ። ቦርዱ ነዋሪነቱን ትተውታል ብሎ ወሰነ። በየዓመቱ መመላለሳቸው አልጠቀማቸውም፤ ኑሯቸው ያለው ጃማይካ ነበርና።

ስለዚህ የሚመዘነው ቀኑ ብቻ ሳይሆን ሐሳቡም ነው። ለምን ወጡ? የመመለሻዎ ጊዜ ተወስኖ ነበርን? ሥራዎ፣ ቤተ ሰብዎ፣ ቤትዎ የት ነው? ግብርስ ያስታውቃሉን? በተለይ በግብሩ ቅጽ ላይ «ነዋሪ አይደለሁም» ብሎ የሞላ ሰው በራሱ ላይ የመሰከረ ያህል ነው።

ለረጅም ጊዜ ለሚወጣ ሰው መድኀኒቱ የዳግም መግቢያ ፈቃድ ነው። አይ 131 በሚባለው ቅጽ ይጠየቃል፤ እስከ ሁለት ዓመት ያገለግላል። ነገር ግን ማመልከቻው ሰውየው ገና አሜሪካ ሳለ መግባት አለበት፤ ብዙው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ ልጠይቅ ቢል ጊዜው አልፎበታል። ፈቃዱም ለዜግነት የሚቈጠረውን ጊዜ አይጠብቅለትም፤ ለዜግነት በተለመደው መንገድ የአምስት ዓመት ነዋሪነት፣ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ 30 ወር በአካል እዚያ መገኘት ያስፈልጋል።

ፈቃድ ሳይዝ ዓመት ያለፈበት ሰው በኤምባሲው በኩል የተመላሽ ነዋሪ ቪዛ ሊጠይቅ ይችላል። ሲወጣ የመመለስ ሐሳብ እንደ ነበረው፣ የዘገየውም ከዐቅሙ በላይ በሆነ ምክንያት መሆኑን በማስረጃ ማሳየት አለበት፤ ይህም ቀላል አይደለም።

አንድ ነገር ግን ይያዙልኝ። በአውሮፕላን ማረፊያ አይ 407 የተባለ፣ መብቴን ትቻለሁ የሚል ቅጽ ቢቀርብልዎ መፈረም በፈቃድ ነው እንጂ በግዴታ አይደለም። ያልፈረመ ሰው ጉዳዩን ለኢሚግሬሽን ዳኛ ማቅረብ ይችላል። ከረጅም በረራ በኋላ ደክሞትና ፈርቶ፣ ያላነበበውን ወረቀት የሚፈርም ግን አለ።

የጓደኛዬ ወንድም በዐሥራ አንደኛው ወር እናቱን ለእኅቱ ዐደራ ብሎ ተነሣ። የሐኪም ቤት ወረቀቱን፣ የግብሩን ማስረጃና የቤት ኪራይ ውሉን በአንድ ዶሴ አድርጎ ያዘ። ሁለት ሰዓት ያህል ጠይቀው አስገቡት። በዓመቱ እናቱን ሊያይ ባሰበ ጊዜ ግን አስቀድሞ ለፈቃዱ አመለከተ፤ የጣት አሻራውንም እዚያው ሰጥቶ ነው ቲኬት የቈረጠው።