ሰውነት ራሱ የሚያዘጋጀው መድኃኒት

ከልክ ያለፈ ውፍረት በሰው ላይ የሚያመጣው መከራ የሥጋ ክብደት ብቻ አይደለም፤ ስብ ከሚገባው ስፍራ ተርፎ በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ሲጠራቀም፣ እነዚህ ብልቶች በኢንሱሊን በኩል የሚደርሳቸውን ትእዛዝ መስማት ይሳናቸዋል፤ ቆሽትም ያልተሰማለትን ቃል ለማሰማት ኢንሱሊኑን እያበዛ ሲያመነጭ ኖሮ ኃይሉ የደከመ ዕለት የስኳር በሽታ ይገለጣል።

ሊቃውንት ለዚህ ደዌ ተስፋ ከጣሉባቸው ሆርሞኖች አንዱ፣ ይልቁንም ከጉበት የሚመነጨው ኤፍ.ጂ.ኤፍ. 21 ነው። የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2000 እ.ኤ.አ. ጂኑን ለይተው ካስታወቁ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ሆርሞኑ በታመሙ እንስሳት ደም ያለውን ስኳርና ስብ እንደሚቀንስ ታወቀ፤ ዳሩ ግን በመርፌ የገባው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከደም ይጠፋል፤ መድኃኒትን ማግኘት አንድ ነገር፣ ማቆየት ደግሞ ሌላ ጥበብ ነውና።

በባርሴሎና ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ በፋቲማ ቦሽ የሚመሩት ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. ያስታወቁት ሥራ ሆርሞኑን መስጠት ትቶ ጂኑን የሚሰጥ ነው። ሰውን እንደሚያሳምም ካልታወቀ ደቃቅ ቫይረስ ውስጥ የራሱን ጂን አውጥተው በምትኩ የኤፍ.ጂ.ኤፍ. 21ን ጂን አኖሩና፣ ለአይጦች አንድ ጊዜ ብቻ ሰጧቸው። አንዳንዶቹ በጉበት፣ አንዳንዶቹ በስብ፣ ሌሎቹም በጡንቻ በኩል ተቀበሉት፤ ወደ ስብ የተላከው ጂን መንገድ ስቶ ጉበት ወይም ልብ ቢደርስ እንኳ በዚያ ዝም እንዲል የሚያደርግ ምልክት በጫፉ ተቀጥሎለት ነበር፤ ከሥራው ሁሉ እኔን ያስደነቀኝ ይህ ጥንቃቄ ነው። ቅባት በበዛበት ምግብ የወፈሩት እንስሳት ምግቡ ሳይለወጥባቸው ክብደታቸው ቀነሰ፣ የጉበታቸው ስብ ጎደለ፣ ለኢንሱሊንም እንደገና ታዘዙ፤ ይህም ከአንድ ዓመት በላይ ጸና፤ ለአይጥ ደግሞ አንድ ዓመት የዕድሜዋ እኩሌታ ያህል ነው።

ይሁን እንጂ ጽናቱ ራሱ ያስፈራል። ሆርሞኑ ያለ ልክ በበዛባቸው አይጦች አጥንት እንደሚሳሳ ቀድሞ በሌሎች ጥናቶች ታይቷል፤ ባርሴሎናዎች በእንስሶቻቸው ላይ ይህን ጉዳት አላዩም። በየሳምንቱ የሚወጋ መድኃኒት ጉዳት ቢያመጣ ይቆማል፤ በጉበት ሕዋስ ውስጥ የገባ ጂን ግን ተመለስ ቢሉት አይመለስም። እናት አባት በዘር ያወረሱት ገዳይ ደዌ ለያዘው ሕፃን ይህ የሚቻል ዋጋ ሊሆን ይችላል፤ በሌላ መንገድም ሊቀነስ ለሚችል ውፍረት ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ጂኑን የሚያስቆም መላ አስቀድሞ መገኘት አለበት። የተሰጠው መጠን ሳይበቃ ቢቀርም መድገሙ ቀላል አይሆንም፤ ሰውነት ቫይረሱን አንድ ጊዜ ካወቀው በኋላ፣ ሁለተኛ ሲመጣ ሥራውን ሳይጀምር ያጠፋዋልና።