ስለ ወራጅ ውኃ ሁከትና ስለ አፈር መጥፋት

በክረምት የአቃቂ ወንዝ ደፍርሶ ሲወርድ ያየ ሰው ሁሉ ወንዙ አፈር እንደሚወስድ ያውቃል። ነገር ግን አፈር ከውኃ ይልቅ ከባድ ሲሆን፥ ውኃው ሳይጥለው እንዴት ተሸክሞ ሩቅ አገር እንደሚያደርሰው የመረመረ ጥቂት ነው። ይህን ማወቅ አገር ለሚያስተዳድርና መሬት ለሚያሳርስ ሰው ትልቅ ጥቅም አለው፤ ምክንያቱን ያላወቀ ሰው መከላከያውን በማይገባው ቦታ ይሠራልና።

ነገሩን በሥራ ፈትነው ከገለጡት ሊቃውንት አንዱ ኦዝቦርን ሬይኖልድስ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1842 ዓ.ም. በአየርላንድ በቤልፋስት ከተማ ተወለደ። አባቱ ካህንና የትምህርት ቤት አለቃ ሲሆን፥ የእርሻ መሣሪያን ለማሻሻል የሚደክም ሰው ነበረ። ልጁም በ1861 ከአንድ መኪና ሠሪ ዘንድ ገብቶ የእጅ ሥራ ተማረ፤ ቀጥሎም በኬምብሪጅ የሒሳብ ትምህርት ተምሮ በ1867 ፈጸመ። በ1868 ገና በ25 ዓመቱ በማንቸስተር ከተማ በኦወንስ ኮሌጅ የምሕንድስና መምህር ሆኖ ተሾመ፤ እስከ 1905 ድረስም በዚያው አስተማረ። በ1912 ዐረፈ።

በ1883 የገለጠው ፈተና ከሥራው ሁሉ የታወቀው ነው። ጎኑ መስተዋት የሆነ ሣጥን ውኃ ሞልቶ፥ በውስጡ የመስተዋት ቧንቧ ዘረጋ፤ ውኃው በቧንቧው ሲፈስም በመካከሉ ቀጭን የቀለም ውኃ እንዲገባ አደረገ። ውኃው በዝግታ ሲሄድ ቀለሙ እንደ ፈትል ቀጥ ብሎ ታየ። ፍጥነቱ በተጨመረ ጊዜ ግን ፈትሉ ድንገት ተናወጠና ቀለሙ በቧንቧው ሁሉ ተቀላቀለ፤ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ሲመለከተውም ብዙ ትንንሽ አዙሪት ሆኖ አገኘው። ፊተኛው ጸጥ ያለ ፍሰት፥ ኋለኛው የታወከ ፍሰት ይባላል።

ሬይኖልድስ የሁለቱን ድንበር በቍጥር አሳየ። የውኃው ፍጥነት በቧንቧው ስፋት ተባዝቶ፥ ለውኃው ዝልግልግነት በተሰጠው ቍጥር ይካፈላል፤ (ማር ከውኃ ይልቅ ቀስ ብሎ የሚወርደው ዝልግልግነቱ ስለሚበልጥ ነው።) ውጤቱ ከ2,000 ገደማ በታች ሲሆን ፍሰቱ ጸጥ ይላል፤ ከዚያ እጅግ ሲበልጥ ይታወካል። አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ወንዝ በሴኮንድ አንድ ሜትር ቢሄድ ቍጥሩ 1,000,000 ያህል ነው። ጥልቀቱ 10 ሴንቲሜትር የሆነ የእርሻ ፈሰስ በሴኮንድ 20 ሴንቲሜትር ቢሄድ እንኳ 20,000 ይሆናል። እንግዲህ ወንዙ ብቻ ሳይሆን፥ በእርሻችን ቦይ የሚወርደው ጐርፍም የታወከ ነው።

ይህ ሁከት አፈሩን ከታች ወደ ላይ እያነሣ እንዳይዘቅጥ ይከለክለዋል። የጐርፉ ፍጥነት እጥፍ ሲሆንም መሬቱን የሚፍቅበት ኃይል አራት እጥፍ ያህል ይሆናል። ውኃው ሲቆም ግን ሁከቱ ይጠፋል፥ ሸክሙም ይወርዳል። ደቃቅ አሸዋ አንድ ሜትር ለመውረድ ሁለት ደቂቃ ያህል ይበቃዋል፤ እጅግ የላመው የመረሬ አፈር ግን በአንድ ቀን 30 ሴንቲሜትር ያህል ቢወርድ ነው።

ከአቃቂ ቃሊቲ ወደ ታች ያለው የአባ ሳሙኤል ግድብ የዚህ ምስክር ነው። 6,600 ኪሎዋት እንዲሰጥ የተሠራ፥ ለአገራችን የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ኤሌክትሪክ ጣቢያ ነው። ከእንጦጦና ከወጨጫ በኩል በትልቁና በትንሹ አቃቂ የሚመጣው ውኃ እዚያ ሲያርፍ አፈሩን ያራግፋል፤ ደለሉ የኵሬውን ቦታ አጠበበው፥ እምቦጭም በላዩ ተስፋፋ። ጣቢያው ለብዙ ዘመን ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ በቻይና መንግሥት ርዳታ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ነገር ግን መኪናን ማደስ ይቻላል፤ ከላይ ያለው እርሻ አፈሩን እየሰደደ ሳለ ግድቡን ከደለል ማዳን አይቻልም። የላይኛው ባለ እርሻ እህሉን፥ የታችኛው አገር ብርሃኑን ያጣል።

ስለዚህ በየወረዳው በሹመት ያላችሁ፥ መሬትም የያዛችሁ ሁሉ የሚከተለውን ትጠብቁ ዘንድ ይገባል።

1ኛ፤ ጐርፉን ከወንዝ ዳር ሳይሆን ከተዳፋቱ ራስ ጀምሮ በእርከን ማብረድ፤ ፍጥነት ያላገኘ ውኃ የመፋቅ ኃይል የለውምና።

2ኛ፤ ፈሰስ ሲወጣ ቁልቁል ቀጥ ብሎ እንዳይሆን፥ ተዳፋቱን አግድም ይዞ ጥቂት እንዲያዘነብል ማድረግ።

3ኛ፤ በቦረቦር ውስጥ የድንጋይ ክትር መሥራት፤ ውኃው ዳሩን እንዳይበላው የክትሩ መካከል ዝቅ ይበል።

4ኛ፤ ክትር አሸዋውን እንጂ የላመውን አፈር አያስቀርም፤ ውኃው ብዙ ቀን አይቆምለትምና። ስለዚህ መረሬ በማሳው ላይ እንዲቀር የእርከኑንና የወንዙን ዳር ሣር አለማረስ።

ሊቃውንት የታወከ ውኃን ጠባይ ፈጽመው የሚያስረዳ ሒሳብ እስከ ዛሬ አላገኙም። ገበሬውን ለመርዳት ግን ይህ የታወቀው ይበቃል፤ ውኃን ያዘገየ አፈሩን ያተርፋል።