ጅራቷ የተቆረጠ «አይጥ»

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ነው፤ መዳፍ ውስጥ ይገባል። ገመድ አልባ ማውዝ። ትንሽ ይሁን እንጂ በከሚሴም ሆነ በባቲ፣ በሰንበቴም ሆነ በጨፋ ሮቢት «ገዛሁት፣ አልሠራልኝም» የሚል ሰው አይጠፋም። አብዛኛውን ጊዜ ታዲያ ዕቃው ሳይመረመር ነው የሚፈረድበት።

ምን ቁም ነገር አለው እንዳይሉኝ። የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒዩተር የሚሰጥ ሆኗል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል። በንክኪ ስልክ ያደገ ልጅ ማውዝ ይዞ ቀስቷን ወደሚፈልገው መልስ ማድረስ ካልለመደ፣ ጥያቄው ሳይከብደው ሰዓቱ ያልቅበታል። ኮምፒዩተር በሌለበት ቤት ታብሌት ካለ ግን ማውዝ ገጥሞ እጅን ማለማመድ ይቻላል። ይህን ልብ የሚል ወላጅ ብዙ አይመስለኝም።

በነገራችን ላይ በዞኑ መሥሪያ ቤቶች ኦሮምኛው በቁቤ፣ አማርኛው በፊደል ነው የሚጻፈው። ጸሐፊዋ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሻገር ከቁልፍ ሰሌዳው ጋር ትታገል ይሆናል፤ ማውዙ ግን ቋንቋ አይመርጥም። ስሙም ከጅራቱ የመጣ ነው። አሜሪካዊው ዳግላስ ኤንግልባርት እ.ኤ.አ. በ1968 ለሕዝብ ያሳየው ማውዝ ገመድ ነበረው፤ «አይጥ» የተባለውም ገመዱ ጅራት ስለሚመስል ነው። አሁን ጅራቱ ተቆርጦ ስሙ ብቻ ቀርቷል።

ወደ ፍሬ ነገሩ እንግባ። ገመድ አልባ ማውዝ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከጥፍር እምብዛም የማትበልጥ የዩኤስቢ መቀበያ አለችው። ሁለተኛው መቀበያ የለውም፤ በብሉቱዝ ይገናኛል። ሁለቱንም የሚችል አለ፤ ሆዱ ላይ መምረጫ ቁልፍ አለው። ንትርኩ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። መቀበያዋ ብዙውን ጊዜ የምትቀመጠው በባትሪ ድንጋዩ ማስቀመጫ ውስጥ ወይም ማሸጊያው ጥግ ስለሆነ፣ ገዢው ካርቶኑን ሲጥል አብራ ትጣላለች። መቀበያዋ ደግሞ ከፋብሪካ ስትወጣ ከራሷ ማውዝ ጋር የተጣመረች ናት፤ የጎረቤት መቀበያ አምጥተው ቢሰኩ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። እንደ ሎጂቴክ «ዩኒፋይንግ» ያሉት ብቻ በሌላ ተመሳሳይ መቀበያ እንደገና ሊጣመሩ ይችላሉ። በርካሹ ማውዝ ግን መቀበያዋ ጠፋች ማለት ማውዙም ጠፋ ማለት ነው።

ኮምፒዩተር ላይ ሥራው ቀላል ነው። ድንጋዩን ምልክቱን አይቶ ማስገባት፣ ላስቲክ ካለበት መንቀል፣ ከሆዱ ያለውን ማብሪያ መክፈት፣ መቀበያዋን መሰካትና ጥቂት ሰከንዶች መታገስ። ሲዲም ሆነ የተለየ ፕሮግራም አያስፈልግም። «ልጫንልህ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ለምን እንደሆነ ይጠይቁት።

ታብሌት ላይ ነገሩ ይለያል። መቀበያዋ ለታብሌቱ ጠባብ ቀዳዳ አትሆንም፤ «ኦቲጂ» የሚባለውን ማገናኛ መግዛት ግድ ነው። ይህን የማይቀበል ታብሌትም ስላለ ከመግዛት በፊት መሞከር ይገባል። ለታብሌት የሚሻለው የብሉቱዙ ነው። የታብሌቱን ሴቲንግ ከፍተው ብሉቱዙን ያብሩ፤ የማውዙን ማጣመሪያ ቁልፍ መብራቱ ብልጭ ድርግም እስኪል ድረስ ተጭነው ይቆዩ፤ ስሙ ሲመጣ ይንኩት። አንድሮይድ ከሆነ ቀስቷ ብቅ ትላለች። አይፓድ ላይ ማውዝ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው አይፓድ ኦኤስ 13 ሲሆን፣ በደንብ የተመቻቸው በማርች 2020 በ13.4 ነው። ከዚያ በታች ያለ አሮጌ አይፓድ ላይ መታገል ድካም ብቻ ነው። አንድ ማሳሰቢያ፦ ማውዙ ቀደም ሲል ከቢሮው ላፕቶፕ ጋር ተጣምሮ ከነበረ ታብሌቱ ላይ ዝም ሊል ይችላል፤ እንደገና ማጣመር ነው።

አልሠራም ሲል የመጀመሪያው ምርመራ ማውዙን ሌላ ኮምፒዩተር ላይ መሞከር ነው። እዚያ ከሠራ ጥፋቱ የማውዙ አይደለም። እዚያም ካልሠራ ድንጋዩን ይቀይሩ፤ ሱቅ ውስጥ ብዙ የከረመ ድንጋይ አዲስም ሆኖ ደካማ ሊሆን ይችላል። ከሚሴ ቆላ ናት፤ በሙቀት የከረመ ድንጋይ ፈሳሽ አፍስሶ ብረቱን ያበላሻል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወይም ለረጅም ጊዜ የማይጠቀሙበት ከሆነ ድንጋዩን ያውጡ።

ቀስቷ የምትዘል ከሆነ ጠረጴዛውን ይመልከቱ። በመስታወት ላይ አብዛኛው ማውዝ አያይም፤ አንድ ወረቀት ከሥሩ ማንጠፍ ይበቃል። ከሆዱ ያለችው የመብራት ቀዳዳ ላይ ፀጉር ወይም አቧራ ተቀምጦም ይሆናል። ሰዎች የማይጠረጥሩት ሌላም ምክንያት አለ። መቀበያዋ የምትሠራው በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ነው፤ ዋይፋይና ብሉቱዝም በዚሁ ሰፈር ይመላለሳሉ። ሰማያዊው የዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ሲሠራ ደግሞ በዚያው ሞገድ ላይ ረብሻ ይለቃል። ስለዚህ መቀበያዋን ከፍላሹ አጠገብ አይሰኩ። ዴስክቶፕ ከሆነም ከብረት ሳጥኑ ጀርባ አውጥተው ከፊት ለፊት ይሰኩ። አንድ ጊዜ ሲጫኑት ሁለቴ የሚቆጥር ማውዝ ግን ቁልፉ አልቋል፤ ድንጋይ መቀየር አያድነውም።

ለፍርድ ቤትና ለገንዘብ ተቋም ሠራተኞች አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2016 ባስቲል የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ተመራማሪዎች፣ በርካታ መቀበያዎች በአቅራቢያ ካለ ሰው የሐሰት ትእዛዝ ሊቀበሉ እንደሚችሉ አሳይተዋል። ከወንበር ሲነሱ ኮምፒዩተሩን መቆለፍ፣ መቀበያዋንም መንቀል ጥሩ ልማድ ነው።

ስለ ሕጉ ደግሞ። በየሱቁ የሚለጠፈው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ብዙ ሰው ያስፈራል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ግን ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ገዢው ዕቃውን ሳይዘገይ እንዲመረምርና ጉድለቱን ለሻጩ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። እንግዲህ ምርመራው እዚያው ሱቁ ውስጥ ቢሆን ይመረጣል፤ ታብሌቱን ይዘው ይሂዱ፣ ሻጩ ፊት ያገናኙት፣ መቀበያዋን በዓይንዎ ይዩ። ደረሰኙም ላይ «ማውዝ» ተብሎ ብቻ እንዳይታለፍ፤ ዓይነቱና ሞዴሉ ይጻፍልዎ።