ሞት ብቻውን አያስለቅስም

የቻይናን የጥንት ዘመን ድራማ የሚከታተል ሰው አንድ ነገር ቶሎ ይለምዳል፤ የወደደው ገጸ ባሕሪ ይሞትበታል። ንግሥቲቱ ትመረዛለች፣ የጦር አዛዡ በቀስት ይወድቃል፣ ታማኟ አገልጋይ ስለ እመቤቷ ትሞታለች። ከዚያ ክርክሩ ይነሳል። ግማሹ «ካልሞተ ምኑን አሳዛኝ ታሪክ ሆነ?» ይላል። ሌላው ደግሞ «ደራሲው መላው ሲጠፋበት ገደለው እንጂ» ባይ ነው።

ለዳኝነቱ ቤጂንግ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ጅግጅጋ ይበቃል። ከጅግጅጋ በቶጎ ውጫሌ በኩል ድንበር ተሻግሮ እስከ በርበራ ባለው የሶማሌ ምድር የዒልሚ ቦደሪን ስም የማያውቅ የለም። ዒልሚ በእንግሊዞች ዘመን በርበራ ዳቦ ቤት ይሠራ የነበረ ድሃ ወጣት ነው። ዳቦ ልትገዛ የመጣችውን ሆዳንን አይቶ ወደዳት፤ እሷ ግን ለሌላ ተዳረች። እሱም ስለ እሷ ሲገጥም ኖሮ በወጣትነቱ አረፈ። ሕዝቡም «ፍቅር ገደለው» አለ።

እስቲ ዒልሚ አርጅቶ ሞተ እንበል። ታሪኩ ምኑ ይቀንሳል? ድህነቱ ያው ነው፣ ሆዳንም የሌላ ሰው ሚስት ናት። ሞቱ ማኅተም ሆነለት እንጂ ሐዘኑን አልፈጠረውም።

የእኛው «ፍቅር እስከ መቃብር»ም ይህንኑ ይነግረናል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በዚህ ልብ ወለድ በዛብህን መንገድ ላይ የሚጥሉት ሽፍቶች ናቸው። ሽፍቶቹ ሰብለ ወንጌልን አያውቋትም፣ ስለ ፍቅሩም አልሰሙም። እንዲያው ድንገተኛ አደጋ ነው ማለት ይቻላል። ታዲያ ያ ሁሉ አንባቢ፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ያደመጠውም ሁሉ፣ ለምን አለቀሰ? የበዛብህ ወላጆች የተሳሉት ስለትና የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት ገና ከመነሻው ሁለቱን ልጆች ለያይተዋቸው ስለነበር ነው። ሽፍቶቹ የደረሱት ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

ጅግጅጋና አካባቢዋ ስለ ሞት ለመናገር ከማንም በላይ መብት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1988 ሐርጌሳ በቦምብ ስትደበደብ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ድንበር ተሻግሮ በሐርታሼክና በአካባቢው ሰፍሯል። ሞት እንዲህ በጅምላ ሲመጣ ትርጉም ይዞ አይመጣም፤ ቁጥር ይሆናል። ትርጉሙን የሚሰጠው አልቃሹ ነው። ሶማሌው በ«ባሮርዲቅ»፣ አማራው በሙሾ የሚያወሳው ሟቹ እንዴት እንደሞተ ሳይሆን ማን እንደነበረ ነው፤ ደግነቱን፣ ጀግንነቱን፣ ማንን ትቶ እንደሄደ።

ወደ ቻይናዎቹ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2015 የቀረበው «ላንግያ ባንግ» 54 ክፍል አለው። ጀግናው በሐሰት የአገር ክህደት ተከሶ ካለቀ 70 ሺህ ሠራዊት የተረፈ ሕመምተኛ ነው፤ ዕድሜው አጭር እንደሆነ እሱም ያውቀዋል፣ ተመልካቹም ያውቀዋል። በመጨረሻ ሲሞት የሚያስለቅሰን ትንፋሹ መቆሙ አይደለም። የቀረችውን ዕድሜ የጓዶቹን ስም ለማንጻት መጨረሱ ነው። በ2017 የወጣው «ዘላለማዊ ፍቅር» ግን ጀግናውን ገድሎ፣ አስለቅሶን፣ መልሶ ያመጣዋል። ደስ ይላል፤ ደስታው እንዳለ ሆኖ ያፈሰስነው ዕንባ ግን ብድር ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ተከራካሪዎቹ ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ሞት ታሪክን ከባድ የሚያደርገው ሟቹ የሚሳሳለት ነገር ሲኖረው፣ ያንንም የነጠቀው የሰው እጅ፣ የሰው ልማድ ወይም የሰው ኩራት ሲሆን ነው። ያለዚያ ገጸ ባሕሪው የሞተው ለክፍሉ ማሳረጊያ ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ የሚወዱት ሰው ስክሪኑ ላይ ሲወድቅ መሐረብ ከማውጣትዎ በፊት አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ይህ ሰው ባይሞት ኖሮ አዝንለት ነበር? መልሱ «አዎ» ከሆነ፣ ያልቅሱ፤ ደራሲው ሠርቶበታል።