የቤት ጌጥ ከግድግዳ ይጀምራል

ቤት ለሰው ልጅ መጠለያ ነው። ከዝናብ፣ ከፀሐይ፣ ከብርድና ከአውሬ ያድነናል። ይሁን እንጂ ቤት መጠለያ ብቻ ቢሆን ኖሮ እናቶቻችን ጳጉሜን በመጣ ቁጥር ጭቃ ሲያቦኩ፣ ወለል በእበት ሲለቀልቁ፣ ነጭ አፈር ፍለጋ ገደል ሲወርዱ ባልዋሉ ነበር። ሰው የሚኖርበትን ቤት ማሳመር ይወዳል። ደሀም ይወዳል፣ ሀብታምም ይወዳል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጭቃ ቤት ውስጣዊ አያያዝና ጌጥ ነው። ከገበያ ስለሚገዛ ዕቃ ብዙ አናወራም። በእጃችን ካለው ከአፈሩ፣ ከጭዱ፣ ከስፌቱ እንጀምር።

የጭቃ ቤት ጌጥ የሚጀምረው ከግድግዳው ነው። በተሰነጠቀ ግድግዳ ላይ ምንም ያህል ያማረ ስፌት ብንሰቅል ቤቱ አያምርም። ስንጥቁ ውስጥ ደግሞ ትኋን ይራባል። ታዲያ ግድግዳ ለምን ይሰነጠቃል? አንዳንዱ ሰው «ጭቃው አልጠበቀም» ይላል፤ አንዳንዱ «ፀሐይ መታው» ይላል። ዋናው ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ አፈሩ ነው። ጥቁር መረሬ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሸመቀቃል። በበጋ እርሻችን ላይ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የምናየው በዚህ ምክንያት ነው። እርሻው ላይ የሚሆነው ነገር ግድግዳው ላይም ይሆናል። አሸዋ የበዛበት አፈር ደግሞ አይሰነጠቅም፤ ነገር ግን እጅ ሲነካው ይረግፋል። ከሁለቱ መካከል ያለው፣ በተለይ ቀዩ አፈር፣ ለምርጊት ይሻላል።

አፈሩን ለማወቅ አዋቂ መጥራት አያስፈልግም። ከሦስት ከአራት ቦታ እየቆፈርን በትንሽ በትንሹ እናቡካ። እያንዳንዱን መዳፍ በሚያህል ስፋት በቤቱ ጀርባ ግድግዳ ላይ እንለጥፍ። ከአራት ከአምስት ቀን በኋላ ሄደን እንይ። ያልተሰነጠቀውና በጣት ስንፍቀው ያልረገፈው እሱ ነው የእኛ አፈር።

ጭቃ ውስጥ ጭድ የሚጨመረው እንዲያው ለማብዛት አይደለም። ጭዱ እንደ ክር ሆኖ ጭቃውን ያያይዘዋል። የጤፍ ጭድ ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው። ጭቃው በጭድ ተቦክቶ፣ በእግር ተረግጦ፣ ውሃ እየተጨመረበት ለጥቂት ቀናት ይቆይ። ይሸታል፤ መሽተቱ ግን ጭዱ እየበሰበሰ ጭቃውን እንደሚያጣብቀው ያሳያል። የቸኮለ ሰው በዕለቱ ያቦካውን በዕለቱ ይመርጋል፤ በዓመቱም እንደገና ይመርጋል።

የመጀመሪያው ምርጊት ወፍራም ነው። ደርቆ ቢሰነጠቅ አያሳስብም። በደንብ እስኪደርቅ ድረስ መታገሥ ነው። ከዚያ በኋላ ግድግዳውን ውሃ እየረጩ፣ በወንፊት የተነፋ አፈር ከትኩስ እበት ጋር አብኩቶ በስሱ መለሰን ነው። ይሄኛው ልስን ስንጥቁን ይደፍናል፤ ፊቱንም ያለሰልሳል። እጅ የለመደች ሴት በመዳፏ ብቻ እንደ መስታወት ታወጣዋለች። ወንዶች ጭቃውን ረግጠን «ቤቱን ሠራን» እንላለን እንጂ የልስኑን ጥበብ የያዙት ሴቶቹ ናቸው።

ቀለሙም ከመሬት ይገኛል። ነጭ አፈር ባለበት አገር ነጭ አፈር አለ። በሌለበት ኖራ ከገበያ ይገዛል። ኖራ በውሃ ተበጥብጦ ጥቂት ጨው ሲጨመርበት ግድግዳውን ይበልጥ ይይዛል። ነገር ግን እንጠንቀቅ። ያልበረደ ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል፤ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። በሚበጠበጥበት ጊዜ ልጆች አጠገቡ አይድረሱ። ዓይን ውስጥ ከገባ ቶሎ ብሎ በብዙ ንጹሕ ውሃ ማጠብና ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ቀይ አፈርና አመድም ቀለም ይሆናሉ። ከወለሉ እስከ ጉልበት ያለውን ጠቆር ባለ ቀለም፣ ከዚያ በላይ ያለውን በነጭ ብንቀባ ይመረጣል። ታችኛው የልጆች እግርና የውሻ ጀርባ የሚነካው ነው፤ ቢቆሽሽም ጎልቶ አይታይም። ላይኛው ነጭ ደግሞ በበር የሚገባውን ጥቂት ብርሃን እየመለሰ ቤቱን ያደምቀዋል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ። በቆላና በወይና ደጋ፣ ወባ ባለበት አገር የምንኖር ሰዎች ልብ ብለን እናንብበው።

የወባ ትንኝ ሌሊት ሰው ነክሳ ደም ከጠጣች በኋላ ሆዷ ይከብዳል። ሩቅ አትበርም። ብዙ ጊዜ አጠገብ ያለው ግድግዳ ላይ ታርፋለች። የጤና ሠራተኞች መጥተው ግድግዳችን ላይ መድኃኒት የሚረጩት በዚህ ምክንያት ነው። ቀድሞ ለብዙ ዓመታት ይረጭ የነበረው ዲዲቲ ነው፤ ዛሬ በሌሎች መድኃኒቶች ተተክቷል። የሁሉም አሠራር ግን ያው ነው። መድኃኒቱ ግድግዳው ላይ ደርቆ ይቀራል። ትንኟ ስታርፍበት በእግሯ ይነካታል፤ ትሞታለች። ስለዚህ መድኃኒቱ የሚሠራው በግድግዳው ፊት ላይ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። በጭቃ ከለሰንነው ወይም በኖራ ከቀባነው ከሥር ተቀበረ ማለት ነው። ትንኟ በአዲሱ ልስን ላይ በሰላም ታርፋለች።

አሁን ጊዜውን እንመልከት። በብዙው ወባማ አገራችን ወባ የሚበረታው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። መድኃኒቱ የሚረጨው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። እኛስ ቤታችንን የምንለስነው መቼ ነው? ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል! ርጭቱ ከተደረገ በኋላ፣ ወባው ከመበርታቱ በፊት፣ ልክ በመካከሉ እንገባና መድኃኒቱን በገዛ እጃችን እንሸፍነዋለን። እኛም ይህን አድርገን እናውቃለን። አንድ ዓመት ለእንቁጣጣሽ ግድግዳውን ነጭ አድርገን ቀባነው። ጎረቤት ሁሉ አደነቀልን። በጥቅምት ግን ከቤቱ ሰው ሦስቱ በአንድ ሳምንት አልጋ ላይ ወደቁ። በወባ መያዛቸው በልስኑ ብቻ ነው ማለት አንችልም፤ አጎበርም በደንብ አልዘረጋንም ነበር። ቢሆንም ግድግዳውን ባየነው ቁጥር ይቆጨን ነበር።

መፍትሔው ልስን መተው አይደለም። ጊዜውን ማዛወር ነው። ርጭቱ በቀበሌያችን መቼ እንደሆነ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አስቀድመን እንጠይቅ። ልስኑንና ቀለሙን ከርጭቱ በፊት ጨርሰን እናድርቀው። ለበዓሉ ደግሞ ወለሉን እንለቅልቅ፤ ቄጠማ እንጎዝጉዝ፤ መደቡን እናስተካክል፤ ስፌቱን አጥበን እንስቀል። ግድግዳው ግን አይነካ። እናቶች «በዓል ያለ ልስን ምን በዓል ነው!» ሊሉን ይችላሉ። እውነት አላቸው፤ የቆየ ልማድ ነው። ታጋሽ ሆነን ምክንያቱን ማስረዳት አለብን።

ግድግዳ ላይ ጋዜጣ መለጠፍም የተለመደ ጌጥ ነው። ጋዜጣ አቧራ ይይዛል፣ ብርድ ይከለክላል፣ ቤቱንም ያነጣዋል። እኛ ፊደል ሳናውቅ የለጠፍነውን ጋዜጣ ፊደል ከለየን በኋላ ስናነበው አንዱ ገጽ ተዘቅዝቆ አገኘነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰውዬው በራሱ ቆሞ ሲያየን ኖሯል! አሁን እያነበብን እንለጥፋለን። ሆኖም ጋዜጣ የሚለጠፍበት የዱቄት ሙጫ አይጥ ይጠራል፤ በወረቀቱ ሥር ደግሞ ትኋን ይደበቃል። ስለዚህ ከመለጠፋችን በፊት ስንጥቁን ሁሉ እንድፈን። ወረቀቱ ጥግ ጥጉን ሳይላቀቅ በደንብ ይጣበቅ። በየዓመቱም አሮጌውን ልጠን እናቃጥል። ለርጭት የተመደበ ግድግዳ ላይ ጋዜጣ እንደ ልስን ሁሉ መድኃኒቱን ይሸፍናል፤ ይህንንም አንርሳ።

ስለ ብርሃንና ስለ ጢስ ደግሞ እንናገር። ብዙዎቹ ጎጆዎቻችን ከበሩ በቀር ቀዳዳ የላቸውም። አባቶቻችን ይህን ያደረጉት ከስንፍና አይደለም። ብርድ አለ፣ ሌባ አለ፣ ጅብ አለ። ጢሱም ቢሆን ጥቅም አለው። ሣሩን ያደርቀዋል፤ እንጨቱን ከነቀዝ ይጠብቀዋል። ሆኖም ያው ጢስ በእናትና በሕፃን ሳንባ ውስጥ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው፣ በቤት ውስጥ ከሚነድ ማገዶና ከመሰል ነገር በሚወጣ ጢስ ምክንያት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዓለም ላይ ሞተዋል። ከነዚህ ውስጥ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው።

ከተቻለ ማድ ቤት ለብቻው ይሠራ። ካልተቻለ ከምድጃው በላይ ባለው ግድግዳ፣ ወደ ጣሪያው ጠጋ ብሎ፣ የጢስ መውጫ ይከፈት። ከፊት ለፊቱ ሌላ መስኮት ቢኖር ነፋሱ ጢሱን እየገፋ ያወጣዋል። መስኮቱ ትልቅ መሆን የለበትም። ክንድ በክንድ ቢሆን፣ መዝጊያ ቢኖረውና እንጨት በመስቀል ቢገባበት ጅብም ሌባም አይገባም። ለእንጀራ መጋገሪያ ምርት የሚባለው የሲሚንቶ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ማገዶ ቀነሰ ማለት ጢስም ቀነሰ፣ የልጃገረዶቻችን ሸክምም ቀነሰ ማለት ነው። ምድጃው ከወለሉ ከፍ ብሎ ቢሠራ ደግሞ ድሃ የሚል ሕፃን እሳት ውስጥ አይገባም።

ከብት ከሰው ጋር በሚያድርበት ቤት ጌጥ ማውራት ሊያስቅ ይችላል። ጋጣውን ለብቻ ማድረግ ይበልጣል። ለጊዜው ካልሆነልን ግን በመካከል የጭቃ ግድግዳ እናቁም፤ ለከብቱም የራሱ በር እናውጣለት። ሽንቱ ወደ ውጭ እንዲፈስ ቦይ ይቆፈር። ከሁሉ በፊት ይህን ያደረገ ሰው ሌላው ጌጥ ይቀለዋል።

የቤቱን ውስጥ ስለ ማደራጀት ሐረሮች ጥሩ ምሳሌ ይሆኑናል። የሐረር ግንብ ከተማ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍራለች። በግንቡ ውስጥ ያሉት የጥንት ቤቶች ዋና ክፍል ውስጥ ወንበርና ጠረጴዛ አይደረደርም። ከግድግዳው ጋር ተያይዘው የተሠሩ፣ አንዱ ከሌላው ከፍ የሚሉ መደቦች አሉ። በአደርኛ ነደባ ይባላሉ። እንግዳ በዕድሜውና በክብሩ ቦታውን ይይዛል። ግድግዳው ላይ በእጅ የተሰፉ ቀለማም ስፌቶችና ገበታዎች በረድፍ ይሰቀላሉ። ሲፈለጉ ይወርዳሉ፣ ታጥበው ይመለሳሉ። ጌጡ ዕቃው ራሱ ነው። ግድግዳው ውስጥ ደግሞ እንደ ሳጥን የተፈለፈሉ መደርደሪያዎች አሉ፤ መጻሕፍትና የከበረ ዕቃ ይቀመጥባቸዋል።

እኛም ብንሆን መደብ እናውቃለን። መሶብ፣ ሙዳይ፣ አገልግል፣ ሰፌድ በየቤታችን አለ። ችግሩ ሁሉም መሬት ላይ መከመሩ ነው፤ ዶሮ ይወጣበታል፣ አይጥ ይበላዋል። ግድግዳው ሲመረግ ከማገሩ ጋር የሚታሰሩ የእንጨት ማንጠልጠያዎች እናስገባ። ስፌቶቹን ከትልቅ ወደ ትንሽ በረድፍ እንስቀል። ከምድጃው ራቅ ባለው ግድግዳ ይሁን፤ አለበለዚያ አለላው በጢስ ይጠቁራል።

መጽሐፍና ደብተር የሚቀመጥበት ቦታም ያስፈልጋል። እስከ አሁን የት ነበር የምናስቀምጠው? ከትራስ ሥር፣ ከሣሩ ክዳን ውስጥ፣ ወይም ከበርበሬው ጋር። አዲስ ግድግዳ ስንሠራ በሁለት ቋሚ እንጨቶች መካከል ማገሩን ቆርጠን ሁለት ስንዝር የሚያህል ቀዳዳ እንተው። ከጀርባ እንድፈነው፤ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ሳንቃ እናስገባ፤ ዙሪያውን እንለስነው። ከመሬት በአዋቂ ሰው ደረት ልክ ከሆነ ሕፃንም ፍየልም አይደርስበትም። ዝናብ የሚመታውን ግድግዳ መምረጥ የለብንም። የማታ ንባባችን በኩራዝ ከሆነ ኩራዙን እዚያው ቀዳዳ ውስጥ ከመጽሐፉ ጋር አናስቀምጠው፤ ከጋዜጣውና ከሣር ክዳኑም ይራቅ። ለብቻው ሌላ ትንሽ ቀዳዳ ይሠራለት። የፀሐይ መብራት ያለን ደግሞ ከተቀመጥንበት መደብ በላይ እንስቀለው፤ ነጩ ግድግዳ ብርሃኑን ይመልስልናል።